የሌንሱ ጭረትና የማርታ ጉንጭ

ሶዶ ውስጥ ፎቶ አንሺ በነበርኩበት ጊዜ ካሜራዬን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የፊት መስታወቱ ላይ አንድ ጭረት ነበረበት፤ ርዝመቱ የዓይን ሽፋሽፍት ቢያክል ነው። ያንን ጭረት ከቦዲቲ እስከ ቦምቤ ያለ ደንበኛዬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያሳወቅኳቸውም እኔው ነኝ። አሁን አርጅቻለሁ፣ የምደብቀው ነገር የለኝም። ስለዚያ ጭረትና በእሱ የተነሳ ስለገጠመኝ የሦስት ቀን ጉዳይ እንደ ወረደ ልንገራችሁ።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ታደሰ እባላለሁ፤ የቦዲቲ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ አንድ አርመን ፎቶ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቼ፣ አርመኑ አሮጌ ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ሰጥቶ ሸኘኝ። ሶዶ የገባሁት በጭነት መኪና፣ አቧራ ለብሼ ነው። ከመኪናው እንደወረድኩ የሌንሱን መስታወት በሸሚዜ ጫፍ ፈተግ ፈተግ አደረግኩት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ኖራ ኪርር ስትል ተሰማኝ። ሳየው ተጭሯል። የእንጀራ ገመዴ የተበጠሰ መስሎኝ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለአርመኑ በሾፌር እጅ ደብዳቤ ላክሁ። መልሱ አጭር ነበር። ጭረቱን በጥቁር ቀለም ሙላውና እርሳው፣ ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ካሜራው የሚያየው ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ሰው እንጂ አፍንጫው ላይ የተለጠፈውን አይደለም፤ ይልቅ ጣትህን ፍራ፣ መስታወቱን ቅባት ከነካው ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል የሚል ነበር። እንዳለው አደረግኩ፤ እውነቱን ነው። ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። እስከ መስከረም ድረስ ማለቴ ነው።

መስከረም ላይ ወላይታ የዘመን መለወጫውን ጊፋታን ያከብራል። ሰዉ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ አናቱን ቅቤ ተቀብቶ ወደ ፎቶ ቤት ይጎርፋል። እኔ የአንዱን አንገት አቃናለሁ፣ የሌላዋን ሻሽ አስተካክላለሁ፣ በዚያው እጄ ሄጄ ሌንሱን እነካለሁ። የዚያ ሰሞን ፎቶ በሙሉ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ወጣ። አንድ የቡና ነጋዴ ፎቶውን ይዞ መጥቶ ሲጮህብኝ፣ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ፣ «ጭረቱ ነው» አልኩት። መስታወቱን አሳየሁት። ጭረቱን በዓይኑ ሲያይ ቁጣው በረደለት። እንዲያውም አዘነልኝ።

ከዚያ በኋላ ጭረቱ ባለውለታዬ ሆነ። ፎቶ ተንቀሳቅሶ ከደበዘዘ ጭረቱ ነው። ብርሃን ከበዛበት ጭረቱ ነው። የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውሃ ቆሽሾ ነጠብጣብ ካመጣ እሱም ጭረቱ ነው። ሰዉ ደግሞ የራሱን ጨመረበት፤ ጭረቱ ከፎቶው አንደኛው ጎን ላይ የሚወድቅ ነገር ነው ብሎ አመነ። ባልና ሚስት ሊነሱ መጥተው፣ «ጭረቱ ወደ ማን ይሁን?» ብለው ይከራከሩ ነበር። አንዱ ባል ሳቅ እያለ፣ «ወደ አማቴ አድርገው፣ እሷን ያደረገ ቢያደርጋት ግድ የለኝም» ያለኝን አልረሳም። እኔም ካሜራውን ትንሽ ዘወር አድርጌ፣ «በቃ፣ ወደ እሳቸው ሄዷል» እላለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አቶ ዳናና ልጃቸው ማርታ መጡ። አቶ ዳና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ እጃቸውን የማያወራጩ ሰው። ማርታ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ከአካባቢው ለነርስነት ትምህርት ተመርጣ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ለማመልከቻዋ ያነሳኋት እኔ ነኝ።

«ሳሮ፣ ታደሰ» ብለው በወላይትኛ ሰላም አሉኝ አቶ ዳና።

«ሳሮ ሳሮ፣ አቶ ዳና፤ ይግቡ።»

ፎቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ያ ጭረትህ ልጄ ላይ ወደቀ።»

አየሁት። ግራ ጉንጯ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያክል ነጣ ያለ ነገር አለ። ሳጥበው አይቼዋለሁ፤ ዱቄት የተቀባች መስሎኝ ነበር ያለፍኩት።

«ምን ሆኑ?»

«ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ መለሰው። ጸሐፊው፣ ይሄ ፊት ላይ ያለው ምንድን ነው፣ የቆዳ በሽታ ካለ ትምህርት ቤቱ አይቀበልም አለኝ። እኔ አልኩት፣ ልጄ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ የታደሰ ካሜራ ጭረት አለው፣ ሶዶ በሙሉ ያውቃል። ጸሐፊውም ያውቃል! ሳቀ። እንግዲያው ፎቶ አንሺው ይጻፍልህ፣ ማኅተም ያድርግ፣ አዲስ ፎቶም አምጣ አለኝ። ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ አለ። ማርታ በዚያ ይሄዳል።»

አቶ ዳና አማርኛን የለመዱት ጎልምሰው ስለሆነ ልጃቸውን አንዳንዴ በወንድ ነበር የሚጠሯት። ማርታ አጠገባቸው ቆማ ፈገግ ትላለች።

ወረቀቱን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በፎቶው ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ምልክት የካሜራዬ መስታወት ጭረት ያመጣው መሆኑን አረጋግጣለሁ አልኩና ፈርሜ ማኅተሜን መታሁበት። አቶ ዳና ሲነበብላቸው ደስ አላቸው። «በል አዲሱን አንሳ፤ እኔ ገበያ ደርሼ ብርድ ልብስ ልግዛለት። አዲስ አበባ ይበርዳል አሉኝ» ብለው ሄዱ።

ማርታን አስቀመጥኳት። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ብርሃንም ለማግኘት፣ ሰው እንዳያማንም። በዚህኛው ጊዜ በርጩማውን ወደ ግራ አስጠግቼ፣ ወደ መስኮቱ ቀረብ አድርጌ አነሳኋት። ጨለማ ክፍል ገብቼ በቀይ ፋኖስ አጠብኩ። የዚያን ጊዜው ፊልሜ ቀይ ብርሃን የማያይ ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው ፊልም የሰው ቆዳ ላይ ያለውን የቀለም ልዩነት ከዓይናችን አብልጦ ያጎላዋል፤ ጠይም ሰው ላይማ ዓይን የማይለየውን ሁሉ ያወጣል።

ምልክቱ እዚያው ነበር። ግራ ጉንጭ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ ዳር ዳሩም በደንብ የተለየ። የመስታወት ጉድፍ ደግሞ ዳር የለውም። ቢበዛ ፎቶውን በሙሉ ያደበዝዘዋል እንጂ አንዲት ቦታ መርጦ አይቀመጥም።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። ያሰብኩት መሸፈን ብቻ ነው። ፎቶውን አትሜ፣ ቀጭን ብሩሽ በውሃ ቀለም ነክሬ፣ ነጣ ያለውን ቦታ ነጠብ ነጠብ እያደረግኩ ከቀረው ጉንጯ ጋር አመሳሰልኩት። እጄ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። ሲደርቅ ይዤው ወጣሁና፣ «ይኸው፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፊት» ብዬ ሰጠኋት።

ማርታ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየችው። የብሩሹ ቦታ እንደማያንጸባርቅ ወዲያው ለየች። «ያልተቀባውን ላየው እችላለሁ?»

ለምን እንቢ እንዳላልኳት አላውቅም። ሳልቀባ ያስቀረሁትን ሁለተኛ ቅጂ አመጣሁላት። ይህንንና አባቷ ያመጡትን የመጀመሪያውን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተያየች።

«ጋሼ ታደሰ፣ የመጀመሪያው ቀን መሃል ላይ ነበር ያስቀመጡኝ።»

«አዎ።»

«ዛሬ ወደ ግራ አስጠጉኝ።»

«አዎ።»

«ጭረቱ ግን ካሜራው ላይ ነው። እሱ ቦታውን አልቀየረም።»

«አልቀየረም።»

«ታዲያ እንዴት ተከትሎኝ ጉንጬ ላይ መጣ?»

አንዳንዴ ይከተላል ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ብላት ታምነኛለች፤ ስድስት ዓመት ያላመነኝ ሰው የለም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ ደርቆ ተቀምጧል። ግን እንዲህ ተራ በተራ ጠይቆኝ የሚያውቅ ደንበኛ አልነበረም፤ ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለ።

«ጭረቱ አይደለም» አልኳት። «ጭረቱ ፎቶ ላይ ወጥቶ አያውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«የአክስቴ የጊፋታ ፎቶስ? ጉም የመሰለው?»

«እሱ ቅቤ ነው። ከእጄ ነው። መስታወቱን በጣቴ ነክቼው።»

ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ እጇ ወደ ጉንጯ ሄደ። ደንበኞች ፀጉራቸውን የሚያበጥሩበት መስታወት ግድግዳው ላይ ነበረኝ፤ ነቅላ ወደ በሩ ይዛው ሄደች። ፊቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ተመለከተች። ለዓይን እምብዛም አይታወቅም ነበር። ካወቁት በኋላ ግን ይታያል።

መስታወቱን አስቀመጠችና የቀኝ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ክርኗ ላይ ገና በመዳን ላይ ያለ የእሳት ቁስል አለ።

«ባለፈው ወር ጎደሬ ስቀቅል ክርኔ የጋለው ጉልቻ ላይ አርፎ ነበር» አለች። «ያወቅኩት ሲሸተኝ ነው።»

«አላመመሽም?»

«አላመመኝም።»

ሁለታችንም የበሽታውን ስም አልጠራንም። መጥራትም አያስፈልግም ነበር። እሷ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ናት፤ ነጣ ያለ ቆዳና ሕመም የማያውቅ ቦታ አንድ ላይ ሲገኙ ምን ማለት እንደሆነ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበው ረዳት፣ ሲያስተምር ሰምታለች። እኔም የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ከመንደር ወጣ ብሎ ጎጆ ሲሠራለት አይቻለሁ። በዚያ ዘመን ሰዉ ከበሽታው ይልቅ ስሙን ይፈራ ነበር።

ማርታ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አንስታ አነበበችው። «በዚህ ወረቀት ዓርብ መሄድ እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

«እዚያ ሲመረምሩኝ ቢያገኙትስ?»

«ይመልሱሻል።»

«ባያገኙትስ?»

ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠችው። «አባባ ሲመጣ እርስዎ ይንገሩት። እኔ ብነግረው መንገዱን የፈራሁ ይመስለዋል።»

አቶ ዳና ቀይ መስመር ያለበት ብርድ ልብስ ታቅፈው ተመለሱ። ገና ሳይቀመጡ፣ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ጭረቱ ፎቶ ላይ አይወጣም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰበብ አድርጌው ነው፣ ምልክቱ የማርታ ቆዳ ላይ ያለ ነው፣ ክሊኒክ ይውሰዷት አልኩ። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«አንተ ሰው ነህ?» አሉኝ። «ለሁሉም ሰው ጭረት፣ ጭረት አልክ። ለነጋዴው ጭረት። ለአክስቷ ጭረት። ዛሬ በእኔ ልጅ ጊዜ ጭረት የለም?»

«አቶ ዳና፣ ያኔ ነው የዋሸሁት።»

«ዛሬ እንዳልዋሸህ እኔ በምን አውቃለሁ?»

እውነታቸውን ነው። የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። በቃል ብምል ብገዘት ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። ስለዚህ ከጥቁር ወረቀት የክብሪት እንጨት የሚያክል ቀድጄ፣ በዱቄት ሙጫ ሌንሱ መሃል ላይ፣ ከጭረቱ ጎን ለጠፍኩት። በጣታቸው ነክተው እንዲያረጋግጡ አደረግኩ፤ የነኩትን በንጹሕ ጥጥ ጠረግኩ። «አሁን እርስዎን ላንሳ» አልኳቸው። «ጭረት ፎቶ ላይ የሚወጣ ከሆነ ይህ አሥር እጥፍ ይወጣል።»

ብርድ ልብሱን እንደታቀፉ ተቀመጡ። አነሳኋቸው። ጨለማ ክፍል አብሬህ እገባለሁ አሉ፤ ፊልሙን እንዳልለውጥ ነው። ገቡ። በቀይ ፋኖሱ ሥር ጎንበስ ብለው ሳህኑ ውስጥ ሲወጣ አዩ። አትሜ፣ አጥቤ፣ እርጥቡን ወደ በሩ አወጣሁላቸው። የጢማቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የብርድ ልብሱ መስመር ሳይቀር ጥርት ብሏል።

«ወረቀቱ የት አለ?» አሉ።

«የለም።»

ፎቶውን ገለበጡት፣ መልሰው አቃኑት። ሌንሱ ጋ ሄደው ወረቀቱ እንደተለጠፈ መሆኑን አዩ። ከዚያ ዞረው ማርታን አዩአት። ጉንጯን ነው ያዩት። ያንን አስተያየታቸውን ባላየው እመርጥ ነበር።

«ልጄ ታሟል ነው የምትለው?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ካሜራው አልዋሸም ነው የምልዎት።»

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስተው፣ አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የቀባሁትንም ፎቶ ወሰዱ። ልጃቸውን አስቀድመው ወጡ።

ወረቀቱን ልነጥቃቸው እችል ነበር፤ አልነጠቅኩም። ሐሙስን በሙሉ ሥራ አልያዝኩም። ለሚመጣ ሰው ሁሉ መድኃኒት አልቋል እላለሁ፤ ይህም ውሸት ነበር። ወደ ቢሮው ሄጄ ለጸሐፊው እውነቱን ልንገረው አልኩ፤ በሽታው ሌላ ከሆነ የልጅቷን ስም አጥፍቼ መቅረቴ ነው። ወደ ቤታቸው ልሂድ አልኩ፤ በየትኛው ፊቴ? ወረቀቱ በእጃቸው ነው፣ ንጹሕ ፎቶም በእጃቸው ነው፤ ሁለቱንም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ መቆሚያው ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ዕቃ ይጫናል፣ ሸኚው ይላቀሳል። አቶ ዳናን ከሩቅ ለየኋቸው፤ ብርድ ልብሱ ክንዳቸው ላይ ነው። በቃ ልትሄድ ነው አልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በመስኮት ፈለግኳት፤ የተመረጡት ሌሎች ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል፣ ማርታ የለችም። አውቶቡሱ ተነሳ። ወደ ቦዲቲ መንገድ ወጥቶ ከዓይን ሲጠፋ አቶ ዳና ብርድ ልብሱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ሲያዩኝ አልሸሹም። «ትናንት ክሊኒክ ወሰድኩት» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «ድሬሰሩ፣ ዓይንህን ጨፍን አለው፤ ክርኑን በጥጥ ነካ። ማርታ መልሶ፣ መቼ ነው የሚነኩኝ አለ። ነክቶት ጨርሶ ነበር።»

ብርድ ልብሱን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ኪኒን አለ። ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በጊዜ መጥታችኋል አለ ድሬሰሩ።» ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አራት የታጠፈውን ወረቀትና የቀባሁትን ፎቶ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ዛሬ ለምን እንደመጣሁ አላውቅም። አውቶቡሱን ልየው ብዬ ነው።»

አቶ ዳና ከዚያ ቀን በኋላ አላናገሩኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ያልፋሉ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንዲያ ነበር የማደርገው።

እኔ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ካሜራ አልነካሁም፤ መስታወቱንም በንጹሕ ጥጥ፣ ትንፋሽ ሰጥቼ፣ ሳልጫን ነበር የምጠርገው። ለደንበኛ ደግሞ ፎቶ ሲበላሽ፣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ነገ ተመለስ» ማለት ጀመርኩ። ሰዉ ደስ አላለውም። ጭረቱን ይወደው ነበር። ባለጭረቱ ሳለሁ ያላማረሩ ሰዎች፣ ጥፋቴን ሳምን ሌላ ፎቶ ቤት ሄዱ። ካሜራ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ የሌንሳችሁ ፊት ቢጫር እንቅልፍ አትጡ። ይልቅ በጠራራ ፀሐይ ፊት ለፊት አታንሱ፣ ጣታችሁንም አርቁ። ከጭረት ይልቅ ጭረት ለማጥፋት የሚፈትግ እጅ ብዙ ሌንስ አበላሽቷል።

ይህን ስነግራቸው፣ «ልጅቷን አዳንካት» የሚሉኝ አሉ። እንዲህ ሲሉኝ አፍራለሁ። ልብ በሉ፣ እኔ ቀብቼ ሰጥቻት ነበር። ማርታ ያንን ጥያቄ ባትጠይቀኝ ኖሮ ወረቀቱም ፎቶውም ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ይወጡ ነበር፤ እኔም ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ምሳዬን እበላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አንስቼ የሰው ፊት ቀብቼ አላውቅም።

ማርታን ለብዙ ዓመት አላየኋትም። አዲስ አበባ ሳትሄድ መቅረቷን፣ ኪኒኑን ሳታቋርጥ መጨረሷን፣ ኋላም እዚያው ክሊኒክ ተምራ ወደ ሁምቦ ቆላ መመደቧን በወሬ ሰምቻለሁ። አንድ የገበያ ቀን ተበላ በምትባለው የሁምቦ ከተማ በቆሎ ስትሸምት ድንገት አየኋት። ሕፃን አዝላለች። ሰላም ከማለቴ በፊት ዓይኔ ወደ እጇ ሄደ፤ በቆሎውን የምትዘግንበትን እጅ ከጣት ወደ ጣት እየተከተልኩ ነበር፣ ሳላስበው። ቀና ስትል ያዘችኝ። አልተቆጣችም። የዘገነችውን በቆሎ ቁናው ውስጥ መልሳ ለቀቀችና ሁለቱንም መዳፎቿን ዘርግታ ወደ እኔ አቀረበቻቸው።

«ይቁጠሯቸው፣ ጋሼ ታደሰ» አለች። «አሥሩም አሉ።»